ከአናት በላይ ሁለት ኩንታል ተኩል

ቫሲሊ ኢቫኖቪች አሌክሴዬቭ ከ1970 እስከ 1978 ድረስ በከባድ ሚዛን ክብደት ማንሳት አቻ ያልተገኘለት የሶቪየት ኅብረት ስፖርተኛ ነው። በእነዚህ ዓመታት ስምንት ጊዜ የዓለም፣ ስምንት ጊዜ ደግሞ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆኗል፤ በኦሊምፒክ ሁለት ወርቅ አጥልቋል፤ 80 የዓለም ክብረ ወሰኖችንም አስመዝግቧል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሌክሴዬቭ የሰበረው የመጨረሻው ክብረ ወሰን 256 ኪሎ ነበር። የዚህን ቁጥር ክብደት ለማወቅ በቆቦ ገበያ መመዘን ይበቃል። ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ባለችው በዚህች ከተማ የራያ ቆላ ማሽላና ጤፍ በጆንያ እየታሰረ መኪና ላይ ይጫናል። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ጫኝና አውራጁ ጆንያውን ብቻውን ከመሬት አያነሣም፤ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘው ትከሻው ላይ ያሳርፉለታል። ከዚያ በኋላ ሸክሙ በጀርባ አጥንቱ ላይ ይተኛል፣ እግሩ ይራመዳል። ይህ ቀኑን ሙሉ የሚደጋገም ትልቅ ጉልበት ነው። ከማሳ ወደ አውድማ፣ ከአውድማ ወደ ቤት የሚያመላልሰው ግመል ደግሞ ግራና ቀኝ አንዳንድ ኩንታል ከተጫነለት ሙሉ ጭነቱን ያዘ ማለት ነው። አሌክሴዬቭ ከግመሉ ጭነት በላይ ግማሽ ኩንታል የሚበልጥ ብረት ያለ ማንም እርዳታ ከወለል አንሥቶ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ ከአናቱ በላይ አቁሞታል።

በእሱ ዘመን መጀመሪያ ውድድሩ ሦስት ዓይነት አነሣስ ነበረው። በፕሬስ ብረቱ ደረት ላይ ከደረሰ በኋላ ያለ እግር እገዛ በክንድ ኃይል ብቻ ወደ ላይ ይገፋል። በስናች ከወለል እስከ አናት በአንድ ጊዜ ይነጠቃል። በጀርክ መጀመሪያ ወደ ደረት ይነሣል፣ ቀጥሎም በእግር ግፊት ታግዞ ከአናት በላይ ይወጣል፤ ትልቁ ክብደት የሚነሣው በዚህኛው ነው። ተወዳዳሪው በእያንዳንዱ ዓይነት ሦስት ሙከራ ይፈቀድለታል፤ ከየዓይነቱ የተሳካለት ትልቁ ተደምሮ ውጤቱ ይሆናል። በአንዱ ዓይነት ሦስቱንም ሙከራ ከሳተ ግን ሌላውን የቱንም ያህል ቢያነሣ ድምር የለውም፤ ከውድድሩ ይወጣል። ይህ ሕግ በአሌክሴዬቭ ታሪክ መጨረሻ ላይ ተመልሶ ይመጣል።

ከእሱ በፊት የከባድ ሚዛኑ ንጉሥ ዩሪ ቭላሶቭ ነበር። ቭላሶቭ በሮም ኦሊምፒክ 537.5 ኪሎ በድምር አንሥቶ ወርቅ የወሰደው መስከረም 10 ቀን 1960 ነው። በዚያው ቀን፣ በዚያው ከተማ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን አሸነፈ። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጳጉሜ 5 ቀን 1952፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ በቶኪዮ ቭላሶቭ ወርቁን ለቡድን ጓደኛው ለሊዮኒድ ዣቦቲንስኪ አስረከበ፤ ዣቦቲንስኪ በመጨረሻው ሙከራው 217.5 ኪሎ አንሥቶ በ2.5 ኪሎ በለጠው። ከሦስት ቀን በኋላ አበበ በዚያው በቶኪዮ ሁለተኛ የማራቶን ወርቁን አጠለቀ። ዣቦቲንስኪ በ1968 በሜክሲኮ ድሉን ሲደግም፣ የማራቶኑ ባለ ወርቅ ማሞ ወልዴ ነበር። ብረት የሚያነሣውና አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚሮጠው ሰው በአካል አይመሳሰሉም፤ ሁለቱም ግን በአንድ ዘመን፣ በአንድ ኦሊምፒክ ላይ፣ የሰው ልጅ አቅም እስከየት እንደሚዘልቅ አሳይተዋል።

አሌክሴዬቭ ጥር 7 ቀን 1942 በሪያዛን ክፍለ ሀገር፣ ፖክሮቮ ሺሽኪኖ በምትባል መንደር ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ ሰሜን፣ ወደ አርካንግልስክ ደኖች ተዛወረ። ሥራው እንጨት መቁረጥና ግንድ ማጓጓዝ ነበር፤ ልጁም ከአዋቂዎች ጋር ደን እየገባ አደገ። መጀመሪያ ያነሣው ዕቃ ግንድ ነበር ማለት ይቻላል። ወደ ስፖርቱ የገባው 18 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው፤ ለሻምፒዮን ዘግየት ያለ ጅምር ነው። ኋላ ላይ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ በደቡብ ሩሲያ፣ በሮስቶቭ ክፍለ ሀገር በምትገኘው ሻኽቲ ከተማ ኖረ። የከተማዋ ስም ራሱ በሩሲያኛ የማዕድን ጉድጓዶች ማለት ነው፤ እሱም የማዕድን መሐንዲስ ሆኖ ተመርቋል። ሚስቱ ኦሊምፒያዳ ትባል ነበር፤ ስሟ ከባሏ ሙያ ጋር መግጠሙ የአጋጣሚ ነገር ነው።

በሻኽቲ ያሠለጠነው ሩዶልፍ ፕልዩክፌልደር፣ በቶኪዮ ኦሊምፒክ በቀላል ከባድ ሚዛን ወርቅ የወሰደ ብርቱ ባለሙያ ነበር። ሁለቱ ግን አልተስማሙም፤ አሌክሴዬቭ በ1968 ከአሠልጣኙ ተለይቶ ብቻውን መሥራት ጀመረ። በሶቪየት የስፖርት ሥርዓት አሠልጣኝ፣ ሐኪምና ቡድን ከስፖርተኛው ስለማይለዩ ይህ ያልተለመደ ውሳኔ ነበር። የልምምዱን ዕቅድ ራሱ ያወጣል፣ ራሱ ይለውጣል፤ በየቀኑ ከባዱን ክብደት ከመሞከር ይልቅ መካከለኛውን እየደጋገመ ይሠራል። ውሃ ውስጥ ቆሞ ብረት ያነሣ እንደነበርም ይነገራል። ተቀናቃኞቹ ምሥጢሩን ለማወቅ ብዙ ጠይቀዋል፤ እሱ ግን ስለ ሥልጠናው ብዙ መናገር የሚወድ ሰው አልነበረም። ብቻውን የሠራበት ያ ጊዜ የስኬቱ ሥር ነው ማለት ማጋነን አይሆንም። ከአሠልጣኙ ጋር በቆየባቸው ዓመታት አንድም የዓለም ክብረ ወሰን አልነበረውም፤ በተለየ በሁለት ዓመቱ ዓለም ስሙን አወቀ።

በጥር 1970 የመጀመሪያዎቹን የዓለም ክብረ ወሰኖች ሰበረ። በወሩ አልረካም፤ መጋቢት 18 ቀን በሚንስክ በሦስቱ ዓይነት በድምር 600 ኪሎ፣ ማለትም ስድስት ኩንታል አነሣ። ይህን ቁጥር የደረሰበት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። በዚያው ዓመት መስከረም በአሜሪካ ኮሎምበስ ከተማ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና በጀርክ 227.5 ኪሎ አቆመ። አሜሪካውያን የሚመዝኑት በፓውንድ ነው፤ በእነሱ ሚዛን 500 ፓውንድ ማንም ያላለፈው ግድግዳ ነበር፤ አሌክሴዬቭ አለፈው። ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ቢሆንም የኮሎምበስ ተመልካች ለሶቪየቱ ሰው ተነሥቶ አጨበጨበ።

80 ክብረ ወሰኖች እንዴት በአንድ ሰው እጅ ሊከማቹ እንደቻሉ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሕጉ አዲስ ክብረ ወሰን ለመባል ከነበረው ቢያንስ ግማሽ ኪሎ መብለጥን ይጠይቅ ነበር። አሌክሴዬቭ ብዙ ጊዜ የሚጨምረው ይችን ታህል ነው። ለእያንዳንዱ ክብረ ወሰን የሶቪየት መንግሥት ገንዘብ ይሸልም እንደነበር በሰፊው ይወራል፤ ስለዚህ አንዳንዶች ነገሩን በስስት ተርጉመውታል። ነገር ግን ግማሽ ኪሎ መጨመር የሚችለው ከባዱን በእጁ ያስገባ ሰው ብቻ ነው። አንድ ሰው ለስምንት ዓመት ጉዳትን እየሸሸ፣ በየውድድሩ ራሱን በጥቂቱ እየበለጠ መቆየቱ ከአንድ ታላቅ ቀን የበለጠ ብልሃት ይጠይቃል።

በ1972 የጸደይ ወራት በታሊን ድምሩን 645 ኪሎ አደረሰው። በዚያው ዓመት በሙኒክ ኦሊምፒክ በፕሬስ 235፣ በስናች 175፣ በጀርክ 230፣ በድምር 640 ኪሎ አንሥቶ ወርቁን ወሰደ፤ ሁለተኛ የወጣው የምዕራብ ጀርመኑ ሩዶልፍ ማንግ በ30 ኪሎ ያንሳል። ከሙኒክ በኋላ ፕሬስ ከውድድሩ ወጣ። አንሺዎች ብረቱን ሲገፉ ወደ ኋላ እየተለጠጡ ስለነበር ዳኞች ትክክለኛውን ከስሕተቱ መለየት አቅቷቸው ነበር፤ የወገብ ጉዳትም ያሰጋ ነበር። ስለዚህ የታሊኑ 645 ማንም ሊሰብረው የማይችል፣ በመዝገብ ላይ የተዘጋ ቁጥር ሆኖ ቀረ።

አሌክሴዬቭ በዚህ ጊዜ ከ150 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር። ከ1969 ጀምሮ ከ110 ኪሎ በላይ የሆኑት ለብቻቸው ይወዳደሩ ስለነበር ከባዱ ሚዛን ላይኛው ወሰን አልነበረውም፤ ሰውነትን ማግዘፍ የሥልጠናው አካል ነበር። እንዲህ ያለ ሰውነት ዓመት ከዓመት የማይቋረጥ ምግብ ይፈልጋል። ይህ ስፖርት በየትኛው አገር ሥር ሊሰድ እንደሚችል ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። አሌክሴዬቭ በሙኒክ ባሸነፈበት በ1972 ክረምት በወሎ ቆላ፣ በራያና ቆቦ ጭምር፣ ዝናቡ ጠፋ፤ በቀጣዩ ዓመት ማሽላ አብቃዩ ሜዳ በረሃብ ተመታ። ጉልበት ያለው ገበሬ በዚያ አካባቢ አልጠፋም፤ የጠፋው ጉልበቱን የሚያቆም እህል ነበር።

በ1976 ሞንትሪያል ኢትዮጵያ አልተገኘችም። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን የዘር መድልዎ ወደነገሠባት ደቡብ አፍሪካ በመጓዙ፣ አብዛኞቹ የአፍሪካ አገሮች ጨዋታውን ትተው ቀርተዋል። በዚያ መድረክ አሌክሴዬቭ በስናች 185 ኪሎ ካነሣ በኋላ ወርቁን አረጋገጠ ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን የጀርኩ ክብረ ወሰን፣ 252.5 ኪሎ፣ የምሥራቅ ጀርመኑ የጌርድ ቦንክ ነበር። አሌክሴዬቭ 255 አስጭኖ አነሣው። ቦንክ በ35 ኪሎ ርቀት ሁለተኛ ሆነ። ሞንትሪያል የአናቦሊክ ስቴሮይድ ምርመራ ለመጀመሪያ ጊዜ የተደረገበት ኦሊምፒክም ነው፤ ከተያዙት አብዛኞቹ ክብደት አንሺዎች ነበሩ፤ ይህ ጥላ እስከ ዛሬ ከስፖርቱ ላይ አልተነሣም።

ኅዳር 1 ቀን 1977 በሞስኮ በጀርክ 256 ኪሎ አቆመ፤ ይህ የመጨረሻው ነው። በቀጣዩ ዓመት በአሜሪካ ጌቲስበርግ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ተጎድቶ ከውድድሩ ወጣ፤ ማዕረጉን የምሥራቅ ጀርመኑ ዩርገን ሆይዘር ወሰደ። ከዚያ በኋላ አሌክሴዬቭ ሁለት ዓመት ያህል ከመድረክ ርቆ ብቻውን ተዘጋጀ።

የሞስኮ ኦሊምፒክ በ1980 ሲደርስ 38 ዓመቱ ነበር። ሐምሌ 27 ቀን ምሩጽ ይፍጠር በ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደ፤ ነሐሴ 1 ቀን የ5,000ውን ደገመ። በእነዚህ ሁለት ድሎች መካከል፣ ሐምሌ 30 ቀን፣ አሌክሴዬቭ በአገሩ ሕዝብ ፊት ወጣ። የስናች መነሻውን 180 ኪሎ አደረገ፤ እሱ በዘመኑ የለመደው ክብደት ነው። የመጀመሪያውን ሳተ። ሁለተኛውንም ሳተ። ሦስተኛው ሲወድቅ ሕጉ ሠራ፤ ድምር የሌለው ሆኖ ወጣ። ወርቁን የአገሩ ልጅ ሱልጣን ራኽማኖቭ በ440 ኪሎ ወሰደ፤ አሌክሴዬቭ በሞንትሪያል ያነሣው ድምርም ይኸው ነበር። መነሻውን ዝቅ ቢያደርግ ኖሮ የሚለው ክርክር በስፖርቱ ሰዎች ዘንድ ቆይቷል። ሁልጊዜ ራሱ ሲወስን የኖረ ሰው ያን ቀንም ራሱ ወሰነ።

በአሠልጣኝነት ግን የተሳካለት ነበር። ሶቪየት ኅብረት ፈርሳ አብዛኞቹ አገሮቿ በአንድ ቡድን በተሰለፉበት በ1992 ባርሴሎና የክብደት ማንሳት ቡድኑን መርቶ አምስት ወርቅ አስገኘ። ክብረ ወሰኑን ሌሎች ቀስ በቀስ አለፉት፤ ሊዮኒድ ታራኔንኮ በ1988 በጀርክ 266፣ የጆርጂያው ላሻ ታላካዜ በ2021 በታሽኬንት 267 ኪሎ አነሡ። ከ1977 ወዲህ በ44 ዓመት የተጨመረው 11 ኪሎ ብቻ ነው።

አሌክሴዬቭ ኅዳር 25 ቀን 2011 የመጀመሪያ የኦሊምፒክ ወርቁን ባጠለቀባት በሙኒክ፣ የልብ ሕመም ሲታከምበት በነበረ ሆስፒታል አረፈ። የተቀበረው በሻኽቲ ነው። በዚያች ከተማ ለወጣት አንሺዎች ያቋቋመው ክበብ ስሙ «600» ነው።