የመድኃኒት ዕፀዋት ልክና ሥርዓት፤ ስለ ኮሶና ስለ አብሽ

በአበው ዘንድ ለፈውስ ሲያገለግሉ የኖሩ ዕፀዋትና አዝርዕት በዘመናችን ደቀው በእንክብል እየታሸጉ፣ የምግብ ማሟያ በሚል ስም በየመደብሩ ሲሸጡ፣ ሻጩ ዘወትር የሚጠራው ምስክር የዕፁ ጥንታዊነት ነው፤ ይህን ያህል ዘመን ሕዝብ ሲገለገልበት የኖረ ነገር ሳይጠቅም አይቀርም፣ ሊጎዳም አይችልም ለማለት። ነገር ግን አበው ለልጆቻቸው ያወረሱት ዕፁን ብቻ ሳይሆን የሚለቀምበትን ወራት፣ የሚሰፈርበትን ልክ፣ የሚጠጣበትን ሰዓትና ሊጠጣው የማይገባውን ሰው ጭምር ስለሆነ፣ ዕፁ ከዚህ ሥርዓት ተለይቶ ለብቻው በተሸጠ ጊዜ የጥንታዊነቱ ምስክርነት አብሮት የሚሄድ አይመስለኝም።

ለዚህ ነገር ከኮሶ የተሻለ አስረጂ አላገኘሁም። የኮሶ ዛፍ የደጋ ዛፍ ነው፤ ወንዴውና ሴቴው በየራሳቸው ግንድ ያብባሉ፤ ለመድኃኒትም ይልቁን የሚፈለገው ቀላ ያለው የሴቴው አበባ ነው። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሕዝብ ከኮሶ ትል በቀላሉ ስለማያመልጥ፣ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ኮሶ መጠጣት ከመኳንንቱ አዳራሽ እስከ ድኻው ጎጆ ድረስ የታወቀ ልማድ ነበር። ጠጪው ጧት በባዶ ሆዱ፣ ተወቅጦ በውሃ ወይም በጠላ የተበጠበጠውን አበባ ምሬቱን ታግሦ ይጨልጣል፤ መድኃኒቱ ሆዱን አጥቦ ትሉን እስኪያወርድለት እህል አይቀምስም፤ በዚያም ዕለት ኮሶ ጠጥቷል ከተባለ ጌታው ለሥራ አይጠራውም፣ ወዳጁም ስለ መቅረቱ አይቀየመውም። ልኩ እንደ ጠጪው ዕድሜና አቅም ይለያያል፤ ነፍሰ ጡር ከጠጣች ፅንሱ እንደሚወርድም የታወቀ ነበር። የዐፄ ቴዎድሮስ ጠላቶች ንጉሠ ነገሥቱን የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ መስደባቸው ይታወሳል፤ ያ ስድብ የሚያሳየው ግን የሻጪቱን ድኽነት እንጂ የመድኃኒቱን መናቅ አይደለም፤ ሰዳቢዎቹም ራሳቸው እንዲህ ካለችው ሴት ሳይገዙ የኖሩ አይመስለኝም።

ይኸው አበባ ባሕር ተሻግሮ በሄደ ጊዜ የገጠመው ነገር ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ዛፉን በወዳጁ በጆሴፍ ባንክስ ስም ሰይሞት ነበር፤ በዓመቱ ግን ግመሊን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ለኬኒግስበርጉ መድኃኒት ቀማሚ ለሃገን ክብር ሃጌኒያ አለው፤ እስከ ዛሬም በዕፀዋት ሊቃውንት ዘንድ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ለሕክምና እንዲውል ለአውሮፓ ያስተዋወቀው በቁስጥንጥንያ የኖረው ፈረንሳዊው ሐኪም ብራዬር ሲሆን፣ ወደ 1850 ገደማ ለንደን በደረሰ ጊዜ አንዱ አውንስ 35 ሽልንግ ተጠይቆበታል። ይህን ዋጋ የሰሙ ነጋዴዎች በብዛት ስላስመጡት ገበያው ወዲያው ወደቀ፤ በ1864ም በእንግሊዞች የመድኃኒት መዝገብ ውስጥ ገባ። መዝገቡ ክብደቱን በአውንስ አስተካክሎ ጻፈ፤ ነገር ግን በየሳጥኑ የተቀመጠው አበባ መቼ እንደ ተለቀመ፣ በመንገድና በመጋዘንም ምን ያህል እንደ ቆየ ሚዛን ሊናገር አይችልም፤ ኮሶም ሲቆይ ኃይሉ ይደክማል። በአገራችንም ቢሆን ልኩን አልፈው የጠጡ ሰዎች የዓይናቸው ነርቭ ተጎድቶ እስከ መታወር እንደ ደረሱ ሐኪሞች ዘግበዋል፤ ትሉን የሚያሽመደምደው ኮሶቶክሲን የተባለው ቅመም ለጠጪውም መርዝ ነውና። ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል ከመጡ ወዲህ ኮሶን ለመተው በቂ ምክንያት አለ፤ የቀድሞዎቹን ጥንቃቄ እንደ አጉል እምነት ለመቁጠር ግን ምክንያት አይታየኝም።

አብሽ ከኮሶ ይልቅ ገር ስለሆነ ነገሩ በእርሱ ላይ ረቀቅ ይላል። በእኛ ዘንድ አብሽ ምግብም መድኃኒትም ነው፤ ባለሞያዋ ሴት ዱቄቱን በውሃ ዘፍዝፋ ታሳድራለች፣ መራራውን ውሃ ደጋግማ ትደፋለች፣ ነጥቶ አረፋ እስኪያወጣ ትመታዋለች፣ ከዚያም በማር አጣፍጣ ለአራስ ወይም ለከሳ ሰው ታቀርባለች። በውሃ አብጦ የሚዝለገለገው የአብሽ አሰር፣ ጋላክቶማናን የሚሉት፣ ሆድ ውስጥ የስኳሩን ወደ ደም መግባት እንደሚያዘገይ የታወቀ ሲሆን፣ በ1990 የታተመ አንድ የህንድ ጥናት የስኳር ሕመምተኞች የደም ስኳር በአብሽ እንደ ቀነሰ አሳይቷል። ሆኖም በዚያ ጥናት የተሰጠው ቅባቱ የወጣለት የአብሽ ዱቄት በቀን 100 ግራም ነበር፤ በገበያ ያለው አንዱ እንክብል 600 ሚሊግራም ያህል ቢይዝ፣ ሕመምተኛው ያን ልክ ለማግኘት በቀን ከ160 በላይ እንክብል መዋጥ ሊኖርበት ነው። እንክብሉ የጥናቱንም የባልትናውንም ዝና ተበድሯል፤ የአንዱን ልክ ወይም የሌላውን አዘገጃጀት ግን አልያዘም።

የአሜሪካ መንግሥት በ1994 ያወጣው ሕግ አምራቹ ማሟያውን ከመሸጡ በፊት ፈዋሽነቱን ለመንግሥት እንዲያስረዳ አያስገድደውም፤ ስለ ሰውነት ሥራ መልካም ነገር በጽሑፉ ላይ ቢያሰፍር ግን፣ ቃሉን መንግሥት እንዳልመረመረውና ዕቃው ደዌን ለመፈወስ እንዳልተዘጋጀ አብሮ እንዲገልጽ ያዝዘዋል። ይህ ማስታወቂያ ሻጩን ከክስ ይጠብቀው ይሆናል፤ በባዕድ አገር ለሚኖር፣ የስኳር ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ለሚወስድ ወገናችን ግን አብሹ ከመድኃኒቱ ጋር ሊጋጭበት እንደሚችል አይነግረውም።

የደብተራ የመድኃኒት መጻሕፍት፣ በ1930 ማርሴል ግሪዮል፣ በ1968 ደግሞ ስቴፋን ስትሬልሲን ተርጉመው ለሊቃውንት ያቀረቧቸው ዓይነቶች፣ ጸሎትንና ቅጠልን ቀላቅለው የያዙ በመሆናቸው ብዙ ተማሪ ያልፋቸዋል። ጸሎቱን የማይቀበል አንባቢ እንኳ በእነርሱ ውስጥ ከዕፁ ስም ጋር የአዘገጃጀቱን ትእዛዝ ያገኛል። ዛሬ በየገጠሩ እየዞሩ የመድኃኒት ዕፀዋትን የሚመዘግቡ ወጣት ተመራማሪዎች ቅጠሉን አድርቀው፣ የላቲን ስሙንና የሚያክመውን ሕመም ጽፈው ይመለሳሉ፤ አዋቂው በምን ልክ እንደሚሰፍር፣ በምን እንደሚያረክሰው፣ ማንን እንደሚከለክልና ልኩ ባለፈ ጊዜ ምን ሲደርስ እንዳየ የሚጠየቅበት ዓምድ በመዝገባቸው ሊጨመር ይገባል፤ ለእንክብል ነጋዴውም ለሐኪሙም መጀመሪያ የሚያስፈልገው ይኸው ዓምድ ነውና።