የአሊዩ አምባ አቀበት

ከአንኮበር አፋፍ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው አሊዩ አምባ ከእግሩ ሥር ያለች ትመስላለች። ወርዶ የተመለሰ ግን ርቀቷን ከጉልበቱና ከሳንባው ይረዳል። ቀኑን ሙሉ ባንክ ቤት ተቀምጦ የሰው ገንዘብ ሲቆጥር የሚውል እንደ እኔ ያለውማ በየመታጠፊያው ቆሞ ትንፋሹን ይለምናል።

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1813–1847) አሊዩ አምባ ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው የሲራራ ነጋዴ ማረፊያ፣ የሸዋም ታላቅ ገበያ ነበረች። በ1841 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ሲመጣ፣ ጓዙን ከፋሬ ቆላ ተሸክመው ዳገቱን የያዙት በንጉሡ ትእዛዝ የተሰበሰቡ 600 ያህል ሙስሊሞች ነበሩ። ሃሪስ ማጉረምረማቸውን መዘገበ፤ ስማቸውን ግን አልጻፈም።

በ1842 የመጣው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን ደግሞ በዚችው ከተማ ሲኖር ንዳድ አሠቃይቶታል። ደገኛው ቆላ ማደርን የሚፈራው በከንቱ አልነበረም። ቆላ ይገበያል፤ ደጋ ያድራል። ከፍታውም ሁልጊዜ መጠጊያ አልሆነም፤ በ1958 እ.ኤ.አ. ወባ ወደ ወይና ደጋው ዘልቆ 150,000 ያህል ኢትዮጵያውያንን እንደ ፈጀ ይገመታል።

እነሆ፣ የስፖርት ሳይንስ በሌላ መንገድ ዞሮ እዚሁ ደረሰ። ሌቪንና ስትሬይ-ጋንደርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1997 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ከፍታ ላይ እየኖሩ ዝቅ ባለ ስፍራ መለማመድ ሯጭን እንደሚያፈጥን አሳዩ። ስስ አየር ቀይ የደም ሕዋሳትን ያበዛል፤ ብርቱ ሩጫ ግን ታች ይቀላል። ሆኖም በ2002 እ.ኤ.አ. በታተመ ሌላ ጥናት፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የአማራ ደገኞች ሄሞግሎቢን ከባሕር ጠረፍ ሰው ብዙም ያልተለየ ሆኖ ተገኘ። ምስጢሩ በደም ብዛት ብቻ አይፈታም ማለት ነው።

አበበ ቢቂላ የተወለደው በ1932 እ.ኤ.አ. ከደብረ ብርሃን አቅራቢያ በጃቶ፣ በዚሁ ደጋ ነው። በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2:15:16 ሲገባ ዓለም አንድ ብቸኛ ሯጭ አየ። እኔ ግን አቀበቱ መካከል ቆሜ ትንፋሼን ስሰበስብ፣ ማንም ሰዓት ያልያዘላቸው፣ ሜዳልያ ቀርቶ ስም እንኳ ያልተረፈላቸው እነዚያ 600 ሰዎች ሸክማቸውን ይዘው በአጠገቤ የሚያልፉ ይመስለኛል። መንገድ እለቅላቸዋለሁ።