አፈር ያጣ ጓሮ

ለመሆኑ ተክል የሚበላው ምኑን ነው? አፈሩን ነው ወይስ ውሃውን? ጥያቄውን ለገበሬ ቢያነሱለት ይስቅ ይሆናል። የእናቶቻችን ጓዳ ግን ለዚህ ጥያቄ የቆየ ምስክር አለው። ብቅል የምታዘጋጅ ሴት ገብሱን ነክራ፣ በቅጠል ሸፍና ስታስቀምጠው በጥቂት ቀናት ውስጥ ያለ አንዲት ጭብጥ አፈር ሥር ያወጣል። እርግጥ ይህ ገብስ ስንቁን ከራሱ ፍሬ ይዞ የተነሣ መንገደኛ ነው፤ ስንቁ ሲያልቅ ጉዞውም ያበቃል። ታዲያ ስንቁን በውሃው ውስጥ በጥብጦ የሚያቀብለው ቢያገኝስ? ዛሬ «ሃይድሮፖኒክስ» የሚባለው ያለ አፈር አትክልት የማብቀል ሙያ የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው።

የከተማችንን አትክልት ታሪክ ለማንሣት ቴዎድሮስ አደባባይ መልካም መነሻ ነው። እዚያ የቆመው የሴባስቶፖል ምስል የጋፋትን የብረት ሥራ ያስታውሰናል። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከእስር ከተለቀቁት አውሮፓውያን መካከል ግን ስሙ ከመድፍ ይልቅ ከዕፅዋት ጋር የሚነሣ ሰው ነበረ፤ ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር። ድንችን እ.ኤ.አ. በ1858 ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው እርሱ እንደሆነ በብዙ ጽሑፎች ይነገራል። መድፉ ሐውልት ቆመለት፤ ድንቹ ግን ሐውልት ሳያሻው በየድስቱ ገባ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የአራዳ ገበያ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ደመቀ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ዋናውን ገበያ ወደ መርካቶ አዛወሩት። እነርሱ ራሳቸው በ1933 ዓ.ም. ተባረው ሲወጡ «ፒያሳ» የሚለውን ስም ለሰፈሩ፣ «ቆስጣ» እና «ዝኩኒ» የሚሉትን ደግሞ ለድስታችን ትተው ሄዱ። ከአደባባዩ ብዙም ሳይርቅ የነበረው አትክልት ተራ ለረጅም ዘመን ከተማውን በሽንኩርትና በቲማቲም ሲመግብ ኖሮ፣ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ ከዚያም ወደ ላፍቶ ተዛወረ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ፣ በየግቢው ጥግ ይበቅሉ የነበሩት ጤና አዳምና በሶብላም አብረው ተነሡ። ከግቢ ወጥቶ ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው ቁልፍ እንጂ አፈር አልተሰጠውም።

ታዲያ ከተማው ቅጠላ ቅጠሉን ከየት ያገኛል? ከሩቅ ከሚመጣው ሌላ፣ የአቃቂን ወንዝና ገባሮቹን ተከትለው ያረሱ አትክልተኞች ብዙ ዘመን ሲያበሉት ኖረዋል። ወንዙ ግን የፋብሪካውንም የመጸዳጃ ቤቱንም እዳሪ ተሸካሚ ሆነ። ፍስሐ ኢታና እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በቄራና በፒኮክ አካባቢ የሚበቅሉ ቅጠላ ቅጠሎችን መርምረው ነበር። ሰላጣና ቆስጣ ከባድ ብረቶችን ከጥቅል ጎመን ይልቅ በብዛት እንደሚያከማቹ ታየ። ጥፋቱ የአትክልተኛው አይደለም፤ እርሱ ያጠጣው ከተማው ያቀበለውን ውሃ ነው።

እዚህ ላይ ነው የባልዲው እርሻ ታሪክ የሚገባው። ቫን ሄልሞንት የተባለው የብራስልስ ሰው 90 ኪሎ ያህል ደረቅ አፈር በገንዳ አድርጎ የአኻያ ችግኝ ተከለ። ከ5 ዓመት በኋላ ዛፉ ከ70 ኪሎ በላይ ሲጨምር ከአፈሩ የጎደለው 60 ግራም ያህል ብቻ ነበር። እርሱም «ዛፉ የተሠራው ከውሃ ነው» ብሎ ደመደመ፤ ከአየር የሚገኘውን ምግብ አላወቀምና። እ.ኤ.አ. በ1699 እንግሊዛዊው ጆን ውድዋርድ ናና በተለያየ ውሃ አብቅሎ፣ አፈር የተበጠበጠበት ውሃ ከጠራው ይልቅ እንደሚያፋፋ አሳየ። በ1860ዎቹ ሳክስና ክኖፕ የተባሉት ጀርመኖች ተክል ከአፈር የሚሻው የተወሰኑ ጨዎችን መሆኑን አረጋገጡ። በ1930ዎቹ የካሊፎርኒያው ዊልያም ጌሪኬ በገንዳ ውሃ ላይ ከቤት የሚረዝም ቲማቲም አብቅሎ ዓለምን አስደነቀ። ወሬው ሲገን ግን የዚያው ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሆግላንድና አርኖን በ1938 ነገሩን መዝነው፣ የውሃው እርሻ ከጥሩ አፈር የበለጠ ተአምር እንደሌለው ጻፉ። አንባቢ ይህን ፍርድ ይያዝልን፤ ጥቅሙ ጥሩ አፈር ለሌለው ሰው ነውና።

በአገራችንም ሙያው እንግዳ አይደለም። ለመንገድ ሥራ የምናውቀው ሬዳሽ በአበባ እርሻዎች ላስቲክ ቤት ውስጥ በአፈር ፈንታ የጽጌረዳ ሥር ይዟል። ጀማሪ ግን በዚያ ልክ መነሣት የለበትም። የሃዋይ ዩኒቨርሲቲው በርናርድ ክራትኪ ያስተዋወቀው ዘዴ ሞተርም መብራትም አይሻም፤ ይህም መብራት በሚጠፋበት ከተማ ቀላል ነገር አይደለም። ብርሃን የማያሳልፍ ባልዲ፣ የተቀዳደደ ክዳን፣ ማዳበሪያ የተበጠበጠበት ውሃ፣ የሰላጣ ወይም የበሶብላ ችግኝ ይበቃል። ውሃው እየጎደለ ሲሄድ በላይ የሚቀረው ባዶ ቦታ ለሥሩ አየር ይሰጣል፤ ስለዚህ እስከ አፉ ደጋግሞ መሙላት ተክሉን ማነቅ ነው። ብርሃን ከገባ አረንጓዴ ሽበት ውሃውን ይሻማል። ከገበሬው ዩሪያ ቆንጥሮ መጨመርም አይበጅም፤ ዩሪያ ለተክል የሚመቸው በአፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ከለወጡት በኋላ ነው፤ በባልዲው ውስጥ እነዚያ የሉም ማለት ይቻላል። ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ብረት ጭምር የተሟላለት ማዳበሪያ ያስፈልጋል። ትንሿ ላስቲክ ቤት ደግሞ የኅዳርንና የታኅሣሥን ሌሊት ቁር ትመክታለች፤ ቀን ቀን ካልተከፈተች ግን በፀሐይ ትቀቅላለች።

ይህ ሁሉ ድንችና ሽንኩርት አይተካም፤ ከተማውንም አይቀልብም። የሚሰጠው ከየት እንደመጣ የሚታወቅ ሰላጣ ነው። ይሁን እንጂ በረንዳችን ላይ ንጹሕ ውሃ በባልዲ ለክተን ስናበቅል፣ ታች ወንዙን ማን ያጠራዋል የሚለው ጥያቄ አይዘጋም። ባልዲ ለአንድ ቤት መፍትሔ ሊሆን ይችላል፤ ከተማ ግን ወንዙን በባልዲ ሊተካ አይችልም።