የኤንጉስ ቤትና የታሪክ አስተማሪ

አፈ ታሪክን ሁሉ እውነት ነው ብሎ መቀበል ስሕተት ነው፤ ሳይመረምሩ ሐሰት ነው ብሎ መጣልም ከዚያ ያላነሰ ስሕተት ነው። ለዚህ ምስክር የሚሆነን የአየርላንድ አገር የጥንት ሰዎች የፍቅርና የወጣትነት አምላክ ስለሚሉት ስለ ኤንጉስ ኦግ የተረኩት ነው።

ኦግ ማለት ወጣት ማለት ነው። አባቱ ዳግዳ፣ እናቱም የቦይን ወንዝ በስሟ የተጠራላት ቦአን ናቸው። ዳግዳ ፀሐይን ዘጠኝ ወር ስላቆማት፣ ሕፃኑ በአንዲት ቀን ተፀንሶ በዚያችው ቀን ተወለደ ይባላል። ባደገም ጊዜ በቦይን ወንዝ አጠገብ ያለውን ታላቅ ቤት «ለቀንና ሌሊት» ብሎ ለመነ፤ ተፈቀደለትም። በማግሥቱ ውጣ ቢሉት፣ «ዘመን ሁሉ ቀንና ሌሊት አይደለምን?» ብሎ ቤቱን አስቀረ። ንግግሩ እንደ አማርኛችን ሁለት ፍች አለው፤ ሰሙ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ሲሆን፣ ወርቁ ዘወትር ማለት ነው። ቤቱን የተነጠቀው ግን በአንዱ ትረካ አባቱ ዳግዳ፣ በሌላው ኤልክማር የተባለ ነው። እነዚህን ትረካዎች በመካከለኛው ዘመን በብራና ጽፈው ያቆዩልን ክርስቲያን ጸሐፍት ናቸው።

ቤት የተባለው ዛሬ ኒውግሬንጅ የሚሉት የመቃብር ጉብታ ሲሆን፣ የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3200 ዓመት ገደማ ነው። የአካባቢው ሰዎች የማለዳ ፀሐይ እስከ ውስጠኛው ክፍል ትገባለች ይሉ ነበር፤ ነገሩ ግን በእንግሊዝ አገር ካለው ከስቶንሄንጅ ጋር የተምታታ መስሎ ነበር። ቦታውን ይቈፍሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ማይክል ኦኬሊ ታኅሣሥ 11 ቀን 1960 ዓ. ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1967) ከንጋት በፊት ገብተው ቢጠብቁ፣ ብርሃኑ ከበሩ በላይ በተበጀው መስኮት ገብቶ፣ 19 ሜትር የሚሆነውን መተላለፊያ አልፎ ውስጡን ሲያበራ አዩ።

ከሕንፃው እስከ ብራናው ከ4000 ዓመት በላይ ስለሚሆን፣ የቆመችው ፀሐይ ትረካ የዚህ ብርሃን ትዝታ ነው ብለን ልንፈርድ አንችልም። ፕሮፌሰሩን ለማየት ያነሣሣቸው ግን የሰፈር ሰው ወሬ ነው።

እኔም በመምህራን ማሠልጠኛ ሳስተምር፣ አንድ ተማሪ ከአያቱ የሰማውን የአገሩን ጉብታ ታሪክ ቢያነሣ፣ «ይህ ተረት ነው፤ ተቀመጥ» ብዬዋለሁ። ዛሬ ይጸጽተኛል። ማን ነገረህ? መቼ ተጻፈ? ቦታውስ ምን ያሳያል? ብዬ ብጠይቀው ኖሮ፣ ያን ቀን ታሪክን አስተምሬው ነበር።