ፕላኔቶችን አጥርቶ ፎቶ ለማንሳት ካሜራን እንዴት ማስተካከል ይቻላል?

ጁፒተርን በቴሌስኮፕ የተመለከተ ሰው ቡናማ መቀነቶቹን ይለያል፤ ሳተርንንም ከነቀለበቱ ያያል። ይኸው ፕላኔት በካሜራ ሲነሳ ግን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው መልኩ የማይለይ ነጭ ክብ ብቻ ነው። በዚህ የተነሳ በርካታ ጀማሪዎች ጥፋቱ የመሣሪያቸው እየመሰላቸው ውድ ካሜራ ይገዛሉ፤ አለዚያም ሙከራቸውን እርግፍ አድርገው ይተዋሉ። ለመሆኑ ችግሩ ከምን ይመነጫል? በእጅ ባለው ካሜራስ ምን ማድረግ ይቻላል?

ዋነኛው እንቅፋት አየር ነው

ፕላኔቶች ከምድር ሲታዩ እጅግ ትናንሽ ናቸው። ጁፒተር በጣም በቀረበበት ወቅት እንኳ የሙሉ ጨረቃ ወርድ 36 ቦታ ቢከፈል ከአንዱ ብዙም አይበልጥም። ከዚህች ትንሽ ክብ የሚመጣው ብርሃን ካሜራው ዘንድ ለመድረስ የምድርን ከባቢ አየር ያቋርጣል። ሞቃትና ቀዝቃዛ አየር በሚቀላቀልበት ስፍራ ሁሉ ብርሃኑ ይታጠፋል፤ በመሆኑም ምስሉ በወንዝ ውኃ ሥር እንዳለ ጠጠር በየቅጽበቱ ይርገበገባል።

ይሁን እንጂ አየሩ ለአፍታ የሚረጋበት ጊዜ አለ። የፊዚክስ ባለሙያው ዴቪድ ፍሪድ እ.አ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት፣ በእንዲህ ያለች አፍታ ጥርት ያለ ምስል የመገኘት ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ በስሌት አሳይተዋል። የዛሬዎቹ የፕላኔት ፎቶ አንሺዎች የሚሠሩት በዚሁ መርህ ነው፦ አንድ ፎቶ ከማንሳት ይልቅ በሺዎች የሚቆጠሩ አጫጭር ምስሎችን በቪዲዮ ይቀርጻሉ፤ እንደ ኦቶስታከርት ያለ ሶፍትዌር ደግሞ ጥርት ያሉትን መርጦ ይደራርባቸዋል። የካሜራው ቅንብር ሁሉ የሚያገለግለው ይህንን ምርጫ ነው።

ብርሃን የሚገባበት ጊዜ ይጠር

ኤክስፖዠር፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበት ጊዜ፣ ከአየሩ እንቅስቃሴ የፈጠነ መሆን አለበት። ለጁፒተር ከ5 እስከ 15 ሚሊሰከንድ ጥሩ መነሻ ነው። ሳተርን ከፀሐይ የሚያገኘው ብርሃን ጁፒተር ከሚያገኘው ሲሶ እንኳ ስለማይሞላ ከ20 እስከ 40 ሚሊሰከንድ ሊያስፈልገው ይችላል። ቬነስ ደግሞ እጅግ ደማቅ በመሆኗ ከዚህ ሁሉ ያነሰ ይበቃታል።

ጊዜው ሲያጥር ምስሉ ይጨልማል። ጉድለቱን የሚሞላው የካሜራውን ምልክት የሚያጎላው ጌይን ነው። ጌይን ሲጨምር በምስሉ ላይ አሸዋ የተበተነ የሚመስል ነጠብጣብ ይታያል፤ ብዙዎች ይህንን ፈርተው ጌይኑን ይቀንሱና ኤክስፖዠሩን ያስረዝማሉ። ነጠብጣቡ ግን መድኃኒት አለው፦ 100 ምስሎች ሲደራረቡ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። በረዥም ኤክስፖዠር የደበዘዘ ዝርዝር ግን በኋላ አይመለስም።

ትክክለኛውን ሚዛን የሚያመለክተው የብርሃኑን ስርጭት በግራፍ የሚያሳየው ሂስቶግራም ነው። ግራፉ ከሙሉ ልኩ ከ50 እስከ 75 በመቶ ሲደርስ መልካም ነው፤ የቀኙን ጠርዝ ከነካ ደማቁ ክፍል ነጭ ሆኖ ዝርዝሩ ጠፍቷል ማለት ነው።

ፍጥነት፣ ርዝማኔና ማጉላት

ፕላኔቱ ከሴንሰሩ ላይ የሚይዘው ትንሽ ቦታ ብቻ ስለሆነ፣ የቀረጻውን ክልል በዙሪያው ማጥበብ ይመከራል። ካሜራው የሚያስተላልፈው መረጃ ሲያንስ በሰከንድ የሚቀርጸው ምስል ይበዛል። በ10 ሚሊሰከንድ ኤክስፖዠር በሰከንድ እስከ 100፣ በ3 ደቂቃ ደግሞ እስከ 18,000 ምስል ማግኘት ይቻላል። ቪዲዮው ያልታመቀ ቢሆን ይመረጣል፤ ማመቅ ጥቃቅን ዝርዝሮችን ያጠፋልና።

ቀረጻውን ከልክ በላይ ማስረዘም ግን አይገባም። ጁፒተር በራሱ ዛቢያ ላይ አንድ ዙር የሚያጠናቅቀው ከ10 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ቀረጻው ከ2 ወይም ከ3 ደቂቃ ካለፈ በመዞሩ ብቻ ዝርዝሮቹ ይደበዝዛሉ። ማርስ 24 ሰዓት ተኩል ያህል ስለሚፈጅባት የተሻለ ጊዜ ትሰጣለች።

ማጉላትም ልክ አለው። በሰፊው የሚሠራበት መመሪያ እንዲህ ይላል፦ የቴሌስኮፑ የትኩረት ርቀት ለሌንሱ ወይም ለመስታወቱ ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር፣ የካሜራው ፒክስል በማይክሮን ካለው መጠን 5 እጥፍ ገደማ ይሁን። ፒክስሉ 2.9 ማይክሮን ከሆነ ቁጥሩ 15 አካባቢ ይሆናል። እዚያ ለመድረስ ባርሎው ሌንስ ይረዳል። ከዚያ በላይ ማጉላት ምስሉን ያጨልማል እንጂ አዲስ ዝርዝር አይጨምርም።

ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ፎከሱ ትክክል ሲሆን ነው። ከጁፒተር ጨረቃዎች አንዷን በስክሪኑ ላይ አጉልቶ፣ ነጥቧ በተቻለ መጠን እስክታንስ ማስተካከል ቀላል ዘዴ ነው። ቴሌስኮፑም ከቤት ከወጣ በኋላ ሙቀቱ ከውጭው አየር ጋር እስኪስተካከል ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆይ።

ልዩ ካሜራ የሌለው ሰው ስልኩን በቴሌስኮፑ መመልከቻ ሌንስ ላይ አስሮ በሰከንድ 60 ምስል የሚይዝ ቪዲዮ መቅረጽ ይችላል። ፎከሱንና ብርሃኑን መቆለፍ፣ መቀነቶቹ እስኪለዩ ድረስም ብርሃኑን መቀነስ ግን ግድ ነው።

ስፍራውም ይወስናል

እ.አ.አ. በ2019 አጋማሽ ጁፒተር ከለንደን ሲታይ ከአድማስ በላይ ከፍ የሚለው 16 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነበር። በዚያው ወቅት ከዱባይ ወደ 42፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ ወደ 58 ዲግሪ ይደርስ ነበር። ዝቅ ያለ ፕላኔት ብርሃኑ ብዙ አየር ያቋርጣል፤ ጠርዙም በአንድ ወገን ቀይ፣ በሌላው ሰማያዊ ይሆናል። ስለዚህ በየትኛውም አገር ቢሆን ፕላኔቱ ከፍተኛው ቦታ ላይ የሚደርስበትን ሰዓት መጠበቅ፣ ቀን ሲግል ከዋለ ጣሪያና አስፋልትም መራቅ ይበጃል።

የጠራ ምስል ትርፉ ውበት ብቻ አይደለም። እ.አ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2009 አውስትራሊያዊው አማተር አንተኒ ዌስሊ በጁፒተር ደቡባዊ ዋልታ አቅራቢያ ከዚያ በፊት ያልነበረ ጥቁር ነጥብ አዩ። ሐዋይ የሚገኘው የናሳ ቴሌስኮፕም ፕላኔቱን አንድ አካል መትቶት እንደነበር አረጋገጠ። እያንዳንዱን ቀረጻ ከነቀኑና ከነሰዓቱ መዝግቦ ማስቀመጥ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።