ሳይጠየቁ የተወሰዱ፦ ከኤዲንብራ የሬሳ ገበያ እስከ ሊቨርፑል ሕጻናት

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1827። በስኮትላንዷ ኤዲንብራ ከተማ አንድ ጡረተኛ ወታደር በተከራየበት ማረፊያ ቤት ውስጥ በሕመም ሞተ። 4 ፓውንድ የኪራይ ዕዳ ነበረበት። ቤቱን የሚያስተዳድረው ዊልያም ሄር እና ጓደኛው ዊልያም በርክ አንድ መላ ዘየዱ። ሳጥኑን የዛፍ ቅርፊት ሞልተው አስቀበሩና ሬሳውን ለዶክተር ሮበርት ኖክስ የአናቶሚ ትምህርት ቤት በ7 ፓውንድ ከ10 ሽልንግ ሸጡት። ከየት አመጣችሁት ብሎ የጠየቃቸው የለም። ሟች ዕዳውን በገዛ ገላው ከፈለ።

ሁለቱ ሰዎች ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው እስኪሞት መጠበቅ አላስፈለጋቸውም። አንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 16 ሰው ገደሉ። ለእንግዳው መጠጥ ይቀዱለታል፣ ሲሰክር አፍንጫና አፉን አፍነው ይገድሉታል። ሰውነቱ ላይ ቁስል ስለማይታይ ሬሳው ለትምህርት የተመቸ ነበር። ዋጋውም ወቅት ነበረው፤ ሬሳ ቶሎ በማይበላሽበት ክረምት 10 ፓውንድ፣ በሞቃቱ ወራት 8 ፓውንድ።

ነገሩን የሁለት ጨካኞች ታሪክ ብቻ አድርጎ ማለፍ ግን ያሳስታል። ገበያውን የፈጠረው ሕጉ ነው። በ1752 የወጣው የብሪታንያ ሕግ የተሰቀሉ ነፍሰ ገዳዮች አስከሬን ለሐኪሞች እንዲሰጥ ይፈቅድ ነበር። የሕክምና ተማሪው ቁጥር እየበዛ ሲሄድ የስቅላት አስከሬን አልበቃ አለ። ክፍተቱን የሞሉት በሌሊት መቃብር የሚቆፍሩ ሌቦች ናቸው። ሕዝቡ በምጸት «ሙታን አስነሺዎች» ይላቸው ነበር። በሕጉ ዓይን ሬሳ የማንም ንብረት ስላልነበረ፣ ሬሳ ከመስረቅ ይልቅ መግነዙን መስረቅ የከበደ ወንጀል ነበር። ስለዚህ ሌቦቹ መግነዙን መቃብሩ ውስጥ ጥለው ገላውን ብቻ ይወስዱ ነበር። ገንዘብ ያለው የዘመዱን መቃብር በብረት ፍርግርግ ያሳጥራል። የሌለው ደግሞ ሬሳው እስኪበሰብስ ድረስ ሌሊቱን ተቀምጦ ይጠብቃል።

ሲያዙ ሄር የዐቃቤ ሕግ ምስክር ሆኖ ነጻ ወጣ። በርክ ጃንዋሪ 28 ቀን 1829 ተሰቀለ፤ የእሱም አስከሬን ለአናቶሚ መምህራን ተሰጠ። አጽሙ ዛሬም በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። ገዢው ኖክስ ክስ አልቀረበበትም።

በ1831 ለንደን ውስጥ ተመሳሳይ ግድያ ሲደገም ፓርላማው ተንቀሳቀሰና በ1832 የአናቶሚ ሕግን አወጣ። ሕጉ የነፍሰ ገዳዮችን አስከሬን መክፈት አስቀርቶ፣ አስከሬኑን በሕጋዊ መንገድ የያዘ አካል ዘመድ ካልተቃወመ ለትምህርት እንዲሰጥ ፈቀደ። ሲነበብ ንጹሕ ይመስላል። ያን ጊዜ ዘመድና ቀባሪ የሌለውን ሬሳ በእጁ የሚይዘው ማን ነበር? የድሆች መጠለያው ነዋ! የመቃብር ሌብነቱ በእርግጥ ከሰመ። ግን ትናንት የነፍሰ ገዳይ ቅጣት የነበረው ነገር የድሃ ዕጣ ሆነ።

በዚያው ዓመት ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳየ ሰው ነበር። ፈላስፋው ጄረሚ ቤንታም ሲሞት፣ በኑዛዜው መሠረት አስከሬኑ ለሐኪሞች ጥናት ተሰጠ። አጽሙ ልብሱን እንደለበሰ ዛሬም ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተቀምጧል። ቤንታም ራሱ ወስኖ ሰጠ፤ በመጠለያ የሞቱት ድሆች ግን ምን ትፈልጋላችሁ ተብለው አልተጠየቁም።

«ካልተቃወመ ፈቅዷል» የሚለው አስተሳሰብ በ1961 ሕግም ቀጠለ። መዘዙ በ1999 በሊቨርፑሉ አልደር ሄይ የሕጻናት ሆስፒታል ፈነዳ። ከሞቱ ሕጻናት አካል ልብ፣ አንጎልና ሌሎች ክፍሎች ወላጆች በቅጡ ሳያውቁ ተወስደው ለዓመታት በዕቃ ተከማችተው ተገኙ። ወላጆቹ ለምርመራ በፈረሙት ወረቀት ላይ «ቲሹ» የሚል ቃል ነበር። እነሱ ቅንጣት ናሙና መስሏቸው ነበር። የተወሰደው ሲመለስላቸው ልጃቸውን ሁለቴ፣ ሦስቴ የቀበሩ አሉ። የምርመራ ሪፖርቱ በ2001 ሲወጣ ሀገሩ ተናወጠ።

የ2004ቱ የሰው ቲሹ ሕግ የመጣው ከዚህ ሐዘን ነው። የሕጉ ምሰሶ ፈቃድ ነው። አስከሬኑ ለአናቶሚ ትምህርት እንዲውል የሚፈልግ ሰው በሕይወት ሳለ፣ ምስክር ባለበት፣ በጽሑፍ መፍቀድ አለበት። ከሞተ በኋላ ዘመድ ሊፈቅድለት አይችልም። ሕጉን የጣሰ እስከ 3 ዓመት እስር ይጠብቀዋል።

ከ1832 እስከ 2004 ድረስ 172 ዓመት ነው። ሕክምና የሰው አካል ያስፈልገዋል፤ ሐኪም ሳያይ አይማርም፣ ተመራማሪም ያለ ናሙና በሽታን አይረዳም። ይህን የካደ የለም። ያ ሁሉ ዘመን የወሰደው አንዲት ቀላል ነገር ለመቀበል ነው፦ ለሰው ልጅ ጥቅም ተብሎም ቢሆን፣ መጀመሪያ ሰውየውን መጠየቅ። ያልተጠየቀ ሰው ሰጠ አይባልም፤ ተወሰደበት እንጂ።