ከጉባኤ ቤት እስከ መጻሕፍት መደብር፦ የጋራ ንባብ ታሪክ በቢቸናና በሞጣ

መግቢያ

ከደጀን ተገንጥሎ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ የሚያቋርጠው ምሥራቅ ጎጃም፣ በእህል ምርቱ ከመታወቁ ባሻገር የትምህርት አገር በመሆንም ስመ ጥር ነው። የአገሩ የትምህርት ታሪክ ሲወሳ ግን በአብዛኛው የሚነሡት ሊቃውንቱና ደቀ መዛሙርቱ ናቸው። ፊደል ያልቆጠረው ሰፊ ሕዝብ ከመጽሐፍ ጋር በምን መንገድ ይገናኝ ነበር የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

በአንድ አነስተኛ ከተማ የሚገኝ የመጻሕፍት መደብር ሰው ሰብስቦ መጽሐፍ ቢያስነብብና ቢያወያይ፣ ነገሩ ከውጭ የመጣ አዲስ ልማድ ሊመስል ይችላል። የቢቸናና የሞጣ አገር ታሪክ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። አንድ ሰው የሚያነብበት፣ ብዙ ሰው የሚያዳምጥበት፣ ቦታውንና ጊዜውንም የሚሰጥ ባለቤት ያለበት ጉባኤ በዚህ አገር ከማተሚያ መኪና በፊት የነበረ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ልማድ በየዘመኑ በማን እጅ እንደነበረ ማሳየትና ዛሬ ባለቤት ቢያጣ የሚያስከትለውን ጉዳት ማመልከት ነው።

፩. አንዱ ሲያነብ ብዙው የሚሰማበት ዘመን

በቢቸና አካባቢ የሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስ፣ ከዚያም በቢቸናና በሞጣ መካከል ያለው ደብረ ወርቅ ማርያም፣ በሞጣም የሞጣ ጊዮርጊስ ደብር ለዘመናት የአገሩ የትምህርት ምሰሶዎች ሆነው ኖረዋል። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሕፃኑ ፊደል ከቆጠረ በኋላ በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ደረጃ በደረጃ ያልፋል። እነዚህ ደረጃዎች ሁሉ በድምፅ የሚፈጸሙ ናቸው፤ ተማሪው ማንበቡ የሚታወቀው የሚጥለውንና የሚያነሣውን ቃል መምህሩ ሲሰማ ነውና። በመጻሕፍት ቤትም ብራና ውድና ጥቂት ስለነበረ አንዱ ደቀ መዝሙር ንባቡን ያሰማል፤ መምህሩ ትርጓሜውን ይሰጣል፤ የቀሩት ያደምጣሉ፣ ያጠናሉ። በዚህ ዓይነት አንድ መጽሐፍ ለአንድ ጉባኤ ይበቃ ነበር።

ከጉባኤ ቤት ውጭ ያለው ምእመንም ከመጽሐፍ የራቀ አልነበረም። በቤተ ክርስቲያን ስንክሳሩና ተአምረ ማርያሙ ይነበብለታል። በሞጣ ከተማና በአካባቢው ያሉት ሙስሊሞችም በቁርዓን ቤት ልጆቻቸውን በሉሕ ላይ በተጻፈ ቃል በድምፅ ያስተምሩ ነበር። ስለዚህ በሁለቱም ሃይማኖት ዘንድ መጽሐፍ በመጀመሪያ የሚሰማ ነገር ነበር ማለት ይቻላል። የጉባኤው ባለቤት ደግሞ ደብሩ ወይም መስጊዱ ነበር።

፪. የታተመ ወረቀት ወደ አገሩ መድረስ

በአዲስ አበባ የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመና በ1917 ዓ.ም. በዚሁ ስም ጋዜጣ መታተም ከጀመረ በኋላ፣ የታተመ ጽሑፍ ቀስ በቀስ ወደ ጠቅላይ ግዛቶች መድረስ ጀመረ። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ የታተመ ወረቀት የፖለቲካ ክብደት ያገኘው ግን በጠላት ወረራ ዘመን ነው። በ1932 እና በ1933 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ አዋጆች በአውሮፕላን በጎጃም ላይ ይበተኑ ነበር። በካርቱም በአማርኛ ይታተም የነበረው «ባንዲራችን» የተባለው ጋዜጣም ለአርበኞች ይደርስ ነበር። ወረቀቱ ለብዙ ሰው ሲወርድ አንባቢው ግን ጥቂት በመሆኑ፣ ፊደል የሚያውቀው ዲያቆን ወይም ደብተራ የቃሉ መተላለፊያ ሆነ።

ይህ ሁኔታ ጠቃሚ የመሆኑን ያህል አደጋም ነበረበት። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በጎጃም ሥራ ላይ ሊውል ሲል በርካታ ገበሬዎች ሕጉ ርስታቸውን የሚነካ መስሏቸው ሸፈቱ። ከዐመፁ ዋና ዋና ሥፍራዎች መካከል የሞጣና የቢቸና አውራጃዎች ይገኙባቸዋል። መንግሥት በጦር ኃይል ጭምር ለማብረድ ከሞከረ በኋላ በመጨረሻው የጠቅላይ ግዛቱን ገዥ ለማንሣትና ውዝፍ ግብር ለመማር ተገደደ። የዐመፁ መነሻ ብዙ ነው፤ የቆየ በደልና በሹማምንት ላይ ያለ ጥርጣሬ ከሁሉ ይቀድማሉ። ይሁን እንጂ ስለ መሬቱና ስለ ኑሮው የተጻፈው ሕግ ለብዙው ገበሬ የደረሰው በሌላ ሰው አፍ እንደነበር መዘንጋት አይገባም። ራሱ አንብቦ ወይም ከሚያምነው አንባቢ ሰምቶ በጉባኤ ያልመከረበት ጽሑፍ ለሕዝብ ባዕድ ሆኖ ይቀራል።

፫. የአገሩ መጽሐፍ ወደ አገሩ ሲመለስ

በ1902 ዓ.ም. በጎጃም የተወለዱት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቀስመዋል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለዳቸውም የታሪኩን ዋና ክፍል የሚያስኬደው በዚያው በዲማ ነው። የቅኔው ተማሪ በዛብህና የባላባቱ ልጅ ሰብለ ወንጌል የሚቀራረቡት እርሱ እርሷን እንዲያስተምር በመደረጉ ነው። የመጽሐፉ ፍቅር የሚጀምረው ከትምህርት ገበታ መሆኑ ለአገሩ የንባብ ታሪክ ልዩ ትርጉም አለው።

ይህ መጽሐፍ ለሰፊው ሕዝብ የደረሰው በኅትመት ብቻ አይደለም። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ መጽሐፉን ገዝቶ ለማንበብ አቅም ወይም ፊደል ያልነበረው ሰው ሁሉ በአንድ ሬዲዮ ዙሪያ ተሰብስቦ የሚያዳምጠው ሆነ። ተራኪው በ1982 ዓ.ም. ካረፈ በኋላም ድምፁ ከመጽሐፉ ጋር አብሮ ይታወሳል። በዚህ ጊዜ የጉባኤው ባለቤት ሬዲዮ ያለው ቤት ነበር፤ የሱቅ ባለቤት፣ የጠጅ ቤት እመቤት፣ ወይም ጎረቤት። በመሠረቱ ግን ነገሩ ያው የጥንቱ ሥርዓት ነው፤ አንዱ ያነባል፣ ብዙው ያደምጣል፣ ከዚያም ስለ ሰማው ይከራከራል።

፬. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻና የንባብ ቤቶች

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አንባቢውን ከጥቂቶች ወደ ብዙኃን ለማድረስ የተደረገ ታላቅ ጥረት ነበር። አገሪቱ በዚህ ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን የዓለም አቀፍ ንባብ ማኅበር ሽልማት አግኝታለች። ፊደል የቆጠረው ሰው መልሶ እንዳይረሳ በየገበሬ ማኅበሩ የንባብ ቤቶች እንዲከፈቱ ተደረገ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው ኩራዝ አሳታሚ ድርጅትም መጻሕፍትን በርካሽ ዋጋ ለማሰራጨት ሠርቷል።

የንባብ ቤቶቹ ዕጣ ግን ለዛሬ ትምህርት የሚሰጥ ነው። ቤቶቹ የተከፈቱት በመመሪያ፣ መጻሕፍቱም የሚመጡት ከማእከል ስለነበረ፣ ዘመቻው ሲዳከምና በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ ብዙዎቹ ባለቤት አጡ። ቤት አለመኖሩ ብቻ አልነበረም ችግሩ፤ በተወሰነ ቀን ሰውን የሚጠብቅ፣ የሚነበበውን የሚመርጥ፣ ሰው ሲቀር ለምን እንደቀረ የሚጠይቅ አስተናጋጅ አለመኖሩ ነው። በጎልማሳነቱ ፊደል የቆጠረ ገበሬ የሚያነበው ነገርና አብሮት የሚያነብ ሰው ካጣ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስሙን ከመፈረም የማያልፍ ይሆናል። በብዙ ድካም የተገኘ ዕውቀት እንዲህ ያለ ድምፅ ይጠፋል።

፭. የመጻሕፍት መደብር ድርሻ

በአነስተኛ ከተማ የመጻሕፍት መደብር የሚባለው ብዙውን ጊዜ ደብተርና ብዕር፣ የተማሪ አጋዥ መጽሐፍና ጥቂት ልብ ወለድ አብሮ የሚሸጥ ሱቅ ነው። ትርፉ የሚገኘው ትምህርት ቤት ሲከፈት ነው፤ ልብ ወለዱ መደርደሪያ ላይ ይከርማል። እንዲህ ያለው ሱቅ የንባብ ጉባኤ አስተናጋጅ ሲሆን ግን ጥቅሙ በሁለት ወገን ነው። ሕዝቡ ደጅ የማይዘጋበት የንባብ ቦታ ያገኛል፤ ባለ ሱቁም መጽሐፉን የሚያውቅለት ደንበኛ ያፈራል።

በሌላው ዓለምም ይኸው ታይቷል። አሜሪካዊቷ ሲልቪያ ቢች እ.ኤ.አ. በ1919 በፓሪስ የከፈተችው አነስተኛ የመጻሕፍት መደብር መጽሐፍ ይሸጥም፣ ያውስም ነበር። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ችግር ሊዘጋ በተቃረበ ጊዜ፣ አንድሬ ዢድን የመሳሰሉ ጸሐፊዎች የመደብሩን ወዳጆች ማኅበር አቋቁመው ሥራቸውን በዚያው ለአባላቱ ያነብቡ ጀመር። መደብሩ በዚህ ድጋፍ ቆይቶ የተዘጋው በ1941 በጀርመን ወረራ ምክንያት ነው። በአገራችንም ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍትን ከከፈቱ በኋላ፣ በሐዋሳ በአህያ በሚጎተት ጋሪ መጻሕፍትን ወደ ልጆች አድርሰዋል። የሁለቱም ሥራ የሚያረጋግጠው፣ መጽሐፍ ከመደርደሪያ ወርዶ ወደ ሰው የሚደርሰው የሚያቀርበው ሰው ሲኖር መሆኑን ነው።

በቢቸናም ሆነ በሞጣ ለዚህ የሚያስፈልገው ነገር ብዙ አይደለም። ገበሬው ከተማ በሚገባበት የገበያ ቀን ጥቂት አግዳሚ ወንበር፣ ድምፁ የሚሰማ አንባቢ፣ በአንድ ጊዜ የሚያልቅ ምዕራፍና ከንባቡ በኋላ የውይይት ጊዜ ይበቃሉ። አንባቢው ከጉባኤ ቤት የወጣ ወጣት፣ የአማርኛ መምህር ወይም ጡረተኛ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። የሚነበበውም ልብ ወለድ ብቻ መሆን የለበትም፤ የመሬት ሕግ፣ የጤናና የእርሻ ምክር ጭምር ሊነበብና ሊመከርበት ይገባል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደታየው የጋራ ንባብ በምሥራቅ ጎጃም ከደብር ወደ አርበኞች ሠፈር፣ ከዚያም ወደ ሬዲዮና ወደ ንባብ ቤት እየተዛወረ ኖሯል። በየዘመኑ የተለወጠው የጉባኤው ባለቤት እንጂ የሕዝቡ የመስማትና የመወያየት ፍላጎት አይደለም። ጉባኤው የተበተነውም ሕዝቡ ንባብን ስለጠላ ሳይሆን አስተናጋጅ ስላጣ ነው። በመሆኑም በአውራ ጎዳና ዳር ያለው አነስተኛ የመጻሕፍት ሱቅ ይህን የአስተናጋጅነት ድርሻ እንዲወስድ የትምህርት ጽሕፈት ቤቶችና ትምህርት ቤቶች አንባቢ በመላክ፣ መጽሐፍ በማዋስና ቀኑን ለሕዝብ በማስታወቅ ሊረዱት ይገባል። ፊደል ማስቆጠር የመንግሥት ዘመቻ ሊሆን ይችላል፤ ፊደሉን በሕይወት ማቆየት ግን በየሳምንቱ ደጁን ከፍቶ የሚጠብቅ ሰው ይሻል።